የምናብ ሠዓሊና እንጀራው፤ ከእንጦጦ ራስ እስከ የካ ግርጌ

ስለ ኢትዮጵያ ሥዕል የተጻፉትን መጻሕፍት ገልጦ የሚያነብ ሰው ስለ ሥዕሉ ብዙ ይማራል፤ ስለ ሠዓሊው ግን እጅግ ጥቂት ያገኛል። የቀለሙ ዓይነት፥ የመልኩ አሣሣል፥ የዘመኑ ስም ተዘርዝሮ ሲገኝ፥ ቡሩሹን የጨበጠው ሰው ከማን እጅ ተቀብሎ እንደ በላና ልጆቹን በምን እንዳሳደገ የሚነግረን ብዙ የለም። ይልቁንም በዓይኑ ያላየውን ነገር ከሕልሙና ከምናቡ አውጥቶ የሚሥለው ሠዓሊ፥ ኑሮውን በዚሁ ሙያ ላይ እንዴት አድርጎ እንደ መሠረተ መጠየቅ አልተለመደም። ከዚህም የተነሣ አያሌ ሰዎች የምናብን ሥዕል ከኤውሮፓ በመርከብ ተጭኖ የመጣ እንግዳ አድርገው ይቈጥሩታል። እኛ በዚህ አንስማማም። የምናቡ ምንጭ የራሳችን ነው፤ ከውጭ የመጣው ገዥው ነው። ይህን ለማስረዳት ደግሞ ከእንጦጦ ተራራና በምሥራቅ በኩል ከግርጌው ከተዘረጋው ከየካ የተሻለ ቦታ አይገኝም፤ የአዲስ አበባ ሠዓልያን ታሪክ የሚጀምረው ከዚያ ነውና።

እርግጥ የአካባቢው ጥበብ ከከተማይቱ ዕድሜ ይቀድማል። በየካ ኮረብታ ላይ ከአለት የተፈለፈለ፥ ዋሻ ሚካኤል እየተባለ የሚጠራ የጥንት ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ይገኛል፤ ስለ ዘመኑ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ይሁን እንጂ እኛ የምንከተለው የሠዓሊውን ኑሮ ስለ ሆነ የምንነሣው ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው።

ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ከተማቸውን በእንጦጦ ራስ ላይ ቈረቈሩ። ቦታው ጠላትን ከሩቅ ለማየት የሚመች ከፍታ ነበር፤ ለመኖሪያ ግን ነፋሱ የሚገርፍ፥ ብርዱ አጥንት የሚሰብር ነበር። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ. ም. በፍል ውሃ አጠገብ አዲስ አበባን ከመሠረቱ በኋላ ቤተ መንግሥቱም ሠራዊቱም ቀስ በቀስ ወደ ታች ወረደ። አብያተ ክርስቲያናቱ ግን ከተራራው ላይ ቀሩ። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ. ም. ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው የተቀቡት በእንጦጦ ማርያም ነው። እንግዲህ አዲስ መንግሥት አዲስ ቤተ ክርስቲያን ይሻል፤ አዲስ ቤተ ክርስቲያንም የመቅደሱ ግድግዳ በሥዕል ካልተሸፈነ ሙሉ አይባልም። የሥዕል ትምህርት ሥር የሰደደው በጎንደርና በጎጃም ስለ ነበረ፥ በዚያ የተማሩ ሠዓልያን የቀለም ዕቃቸውን ይዘው ወደ ሸዋ ይወጡ ጀመር። አንዳንዱ ሠርቶ ተመለሰ፤ አንዳንዱም ሚስት አግብቶ፥ ጎጆ ቀልሶ በዚያው ቀረ።

የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ሥራ ምን ይመስል እንደ ነበረ ትንሽ ብንዘገይበት ይጠቅማል። ሠዓሊው ብዙ ጊዜ ደብተራ ወይም ካህን ነው፤ ዳዊት ደግሟል፥ ድርሳንና ገድል አንብቧል። ሥዕሉን በቀጥታ በኖራው ላይ ከመሣል ይልቅ በጥጥ ጨርቅ ላይ ሠርቶ ጨርቁን በማጣበቂያ ከግድግዳው ላይ መለጠፍ የተለመደ ነበር። ከጥንት ከአፈር፥ ከድንጋይና ከዕፅዋት ይዘጋጅ የነበረው ቀለም በምኒልክ ዘመን እየቀረ፥ በነጋዴ እጅ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ደማቅ ሰማያዊና ቀይ ይተካው ጀመር። የትኛው ሥዕል በየትኛው ግድግዳ ላይ እንደሚውል ሥርዓት አለው፤ ጻድቁ ሰው በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ሲያይ፥ ክፉው በአንድ ዓይን ብቻ ወደ ጎን ዞሮ ይሣላል። ሠዓሊው ከዚህ ሥርዓት ሊወጣ አይችልም።

ደመወዙ የተቈረጠ አልነበረም። ሥዕሉን ያሠራው ባለጸጋ እንደ ልግስናው እህል ይሰፍርለታል፥ ልብስ ያለብሰዋል፥ ሲሆንለትም ብር ይቈጥርለታል፤ ሥራው እስኪያልቅ ከደጁ እየበላ ይቈያል። በሥዕሉ ግርጌ፥ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍቶ እጁን ዘርግቶ የሚታየው ሰው ሠዓሊው አይደለም፤ ያሠራው ጌታ ነው። «ተማኅፀነ» ተብሎ የሚጻፈውም የጌታው ስም ነው። የሠዓሊው ስም ብዙ ጊዜ ከቶ አይጻፍም። ይህን አንዳንዶች የትሕትና ምልክት ነው ሲሉ ያመሰግኑታል፤ እኔ ግን ከትሕትናው ጋር የኑሮ ዝቅታም ያለበት ይመስለኛል። አናጢውና ቀጥቃጩ በእጁ ሙያ ይናቅ በነበረበት ዘመን ሠዓሊው ከንቀት የዳነው በክህነቱ እንጂ በቡሩሹ አልነበረም።

ነገር ግን በዚህ ሁሉ ሥርዓት መካከል ለምናብ የተተወ ሰፊ ሜዳ ነበረ። አንባቢ ወደ አንዱ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ዙሪያውን ቢመለከት የሚያየው ምንድን ነው? አቡነ ተክለ ሃይማኖት በአንድ እግራቸው ቆመው ስድስት ክንፍ አብቅለዋል። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ሰውነታቸውን ጠጕር ሸፍኖት፥ አንበሳና ነብር ከግራ ከቀኝ ከብቧቸው፥ ከዓይናቸው እንባ ወፍ ሲጠጣ ይታያሉ። አባ ሳሙኤል ዘዋልድባ አንበሳ ተቀምጠው ይሄዳሉ። በላዔ ሰብእ ሰባ ስምንት ነፍስ በልቶ፥ ለአንድ ለምጻም በሰጠው ጥርኝ ውሃ ምክንያት ከሚዛን ላይ ይድናል። ከሁሉ በታች ደግሞ በሰንሰለት የታሰረው ሰይጣን አለ። ለጻድቃኑ መልክ ሠዓሊው ከአባቶቹ የወረሰው ምሳሌ ነበረው፤ ለሰይጣኑ ቀንድ፥ ለዘንዶው ጥርስ፥ ለሲኦሉ እሳት ግን የገዛ ሕልሙን ይጨምርበት ነበር። በአያሌ አብያተ ክርስቲያናት ሥዕል ውስጥ የእጁ ነፃነት ጎልቶ የሚታየው በዚሁ በታችኛው ረድፍ ነው።

ከቤተ ክርስቲያኑ ውጭም ሌላ ሥራ ነበረ፤ ካህናቱ በግልጥ ባይወዱትም። ደብተራው ለታመመ ሰው በቁመቱ ልክ ብራና ለክቶ ክታብ ይጽፋል፤ በጽሑፉም መካከል ጠልሰም ይሥላል። ጠልሰም ማለት ከሁሉ አቅጣጫ የሚያፈጥ ዓይን፥ ፊት ያለው ኮከብ፥ ክንፍ የሆነ ሐረግ ነው። ጋኔኑ ይህን ባየ ጊዜ ደንግጦ ይሸሻል ተብሎ ይታመን ነበር። ለአንድ ሰው ተሠርቶ፥ ተጠቅልሎ፥ በማኅደር ገብቶ ከአንገት ላይ የሚውል ስለ ሆነ ለሌላ ሰው ዓይን የታሰበ አልነበረም። ይህን ሥዕል አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን፤ ከታች በፓሪስ ከተማ ዳግመኛ እናገኘዋለን።

የሠዓሊው ኑሮ የተለወጠው ከዐድዋ ድል በኋላ ነው። በ1888 ዓ. ም. የኢጣልያ ጦር ድል ከሆነ በኋላ የኤውሮፓ መንግሥታት መልእክተኞቻቸውን ወደ አዲስ አበባ ላኩ። ለብሪታንያ፥ ለፈረንሳይ፥ ለሩሲያና ለኢጣልያ ለጋሲዮኖች ሰፋፊ ቦታ የተሰጠው በከተማይቱ ምሥራቅና ሰሜን ምሥራቅ፥ ከእንጦጦ ግርጌ እስከ የካ ባለው መሬት ላይ ነው። የፈረንሳይ ለጋሲዮን ሠፈር ስሙን ያገኘው ከዚያ ሲሆን እስከ ዛሬም በዚሁ ይጠራል። እንግዳው መልእክተኛ፥ ሐኪሙ፥ ነጋዴው፥ አገር ጐብኚው ወደ አገሩ ሲመለስ የኢትዮጵያን መታሰቢያ ይዞ መሄድ ይፈልጋል። የመቅደስ ሥዕል አይሸጥለትም፤ ስለዚህ ተጠቅልሎ በሣጥን የሚገባ ሥዕል ፈለገ። ሠዓሊውም ያንኑ አቡጀዲ ወሰደና በግድግዳ ላይ ከመለጠፍ ይልቅ ለእንግዳው ሸጠለት።

እንዲህ ባለ መንገድ ቀድሞ ያልነበረ ገበያ ቆመ። ከሚሸጡት ሥዕሎች ሁሉ የተወደዱት ሁለት ናቸው። አንደኛው የዐድዋ ጦርነት ሲሆን፥ ሁለቱ ሠራዊት ፊት ለፊት ተሰልፈው በላይ ከሰማዩ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ ላይ ሆኖ ሲዋጋ ያሳያል። ሁለተኛው የንግሥተ ሳባ ታሪክ ነው፤ ጨርቁ በትናንሽ ክፍል ተከፋፍሎ፥ ብዙ ጊዜም በ44 ክፍል፥ በእያንዳንዱ ሥር ሁኔታውን የሚገልጥ ጽሑፍ እየተጻፈበት ይሠራል። እንግዳው ንግሥቲቱን አይቶ ይገዛዋል፤ ሠዓሊው ግን ታሪኩን የሚጀምረው ከንግሥቲቱ አይደለም። የሚጀምረው ሕዝቡን ከገዛው ከዘንዶው ከአርዌ ነው፤ ልጃገረድና ከብት ይገበርለት ከነበረው፥ በመርዝ በተመረዘ ፍየል ከተገደለው። ይህ በክብረ ነገሥት መጽሐፍ ውስጥ አይገኝም፤ ከሕዝብ አፍ የተወሰደ ነው። ያ በመቅደሱ ታችኛ ረድፍ ታስሮ የነበረው ዘንዶ እነሆ በገበያው ጨርቅ ላይ የመጀመሪያውን ስፍራ ያዘ።

በዚህ ሙያ ስማቸው ከታወቀው አንዱ በላቸው ይመር ናቸው። ስማቸው ታወቀ ማለታችን በከንቱ አይደለም። የገበያ ሠዓልያን ከቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን የሚለዩበት አንዱ ዋና ነገር ስማቸውን በሥዕሉ ላይ መጻፍ መጀመራቸው ነው። ጌታው ከሥዕሉ ግርጌ ተነሣ፤ ሠዓሊው በቦታው ፈረመ። ሰው በእጁ ሥራ ብቻ፥ ያለ ክህነትና ያለ ደጅ ጥናት፥ ሠዓሊ ተብሎ የሚኖርበት ኑሮ በአዲስ አበባ የተጀመረው እንዲህ ነው።

ዳሩ ግን ይህ እንጀራ ዕዳ ነበረበት። ገዥው አንድ ጊዜ ያየውን ወድዶ ያንኑ ደግሞ ይጠይቃል። ሠዓሊው ንግሥተ ሳባን ዐሥር ጊዜ፥ መቶ ጊዜ ይሥላታል፤ ልጁም ከእርሱ ተምሮ ያንኑ ይደግማል። አዲስ ዘንዶ ቢሥል የሚገዛው ማን ነው? የፈረንጁ ገንዘብ ስሙን ሰጠው፤ ምናቡን ግን ካስማ ተክሎ አሰረበት። በየሱቁ የተሰቀሉትን እነዚህን ሥዕሎች በንቀት የሚያልፏቸው ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ግን ከንቀቱ ይልቅ እጁን ዘንግቶ በልማድ የሚሠራው ሰው ቤት የሚበላው እንጀራ ያሳስበኛል። ከእነርሱም መካከል ልማዱ ያላሸነፈው አልታጣም። የጎጃሙ ተወላጅ ቄስ አዳሙ ተስፋው በክህነትና በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሠልጥነው በአዲስ አበባ ለገበያ የሣሉ ሰው ናቸው፤ ስለ ሕይወታቸውና ስለ ሥራቸው በአሜሪካ፥ በሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲ መጽሐፍ የታተመው እ. ኤ. አ. በ2005 ነው።

በውጭ አገር ትምህርት ሙያውን ለማሳደግ የተደረገው የመጀመሪያው ሙከራ ግን ለሥዕል ብዙ አልጠቀመም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1879 ዓ. ም. ገደማ ወደ ኢጣልያ ተልከው በቱሪን ሥዕል ተማሩ፤ ተመልሰውም በእንጦጦ ለቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሥራ ታዝዘው ነበር። ሆኖም ከቤተ መንግሥቱ ጋር አልሆነላቸውምና ዛሬ የምናውቃቸው በቡሩሻቸው ሳይሆን እ. ኤ. አ. በ1908 በሮማ ባሳተሙት በልብ ወለድ ታሪካቸው ነው። በኋላ አገኘሁ እንግዳ በፈረንሳይ ተምረው መጡ። በ1950 ዓ. ም. ደግሞ በቺካጎ የተማሩት፥ ከቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ቤተ ሰብ የተወለዱት አለ ፈለገ ሰላም የአዲስ አበባን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ትምህርት ቤቱ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኖ በስማቸው ይጠራል።

አሁን ከላይ አስታውሱልን ወዳልነው ወደ ጠልሰሙ እንመለስ።

እስክንድር ቦጎሲያን እ. ኤ. አ. በ1937 በአዲስ አበባ ከኢትዮጵያዊት እናትና ከአርመን ወገን አባት ተወለዱ። በልጅነታቸው ሥዕል ካስተማሯቸው ሰዎች አንዱ የፖላንዱ ተወላጅ ስታኒስላስ ሆይናትስኪ ነበሩ፤ እኚህ ሰው በኋላ በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም የቤተ ክርስቲያኑንም የገበያውንም ሥዕል በብርቱ ትጋት የሰበሰቡ ናቸው። እስክንድር በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የብር ኢዮቤልዩ ጊዜ በተደረገው ውድድር ተሸልመው፥ በመንግሥት ወጪ ወደ ለንደን ተላኩ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ወደ ፓሪስ ተሻግረው እስከ 1966 እ. ኤ. አ. በዚያ ኖሩ።

በፓሪስ የአፍሪካና የካሪቢያን ጸሐፍትንና ሠዓልያንን አገኙ። የኩባው ሠዓሊ ዊፍሬዶ ላም ሥራ፥ መናፍስትና እንስሳት ከሰው ጋር ተዋሕደው የሚታዩበት፥ ልባቸውን እጅግ ነካው። አንዳንድ ተቺዎች ይህን ብቻ ይዘው እስክንድርን የኤውሮፓ ደቀ መዝሙር ያደርጓቸዋል። ሥዕሎቻቸውን ቀርቦ የሚመለከት ግን ሌላ ነገር ያያል። እ. ኤ. አ. በ1964 የሣሉትና «የፍርሃትና የደስታ የሌሊት በረራ» ሊባል የሚችለው ሥዕል ክንፍ ያላቸው ፍጡራን በጨለማ ውስጥ ሲበርሩ ያሳያል። ያ ዓይን የክታቡ ዓይን ነው፤ ያ ክንፍ የመቅደሱ ክንፍ ነው። ላም ለእስክንድር ያስተማሯቸው ነገር ቢኖር የገዛ አገራቸውን ብራና ያለ ኀፍረት መግለጥ ነው። በተጠቀለለ ክታብ ተደብቆ፥ ለአንድ በሽተኛ ብቻ ተሥሎ የነበረው ምናብ በሰፊ ሸራ ላይ ለዓለም ተዘረጋ። በኋላም ብራናና የዛፍ ልጥ እየወሰዱ ሥዕላቸውን በዚያው ላይ መሥራታቸው ይህንኑ ያስረዳል።

ገዥውስ ማን ሆነ? እ. ኤ. አ. በ1963 የፓሪስ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አንድ ሥራቸውን ገዛ። ጥቂት ቈይቶም «የጁጁ ሰርግ» የተባለውን የኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ወሰደው። ወደ አገራቸው የተመለሱት ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ነው። ከ1966 እስከ 1969 እ. ኤ. አ. በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማሩ፤ በ1967 እ. ኤ. አ. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ተሰጣቸው። ይህ ሽልማት ከእርሳቸው በፊት ለአፈወርቅ ተክሌና ለገብረ ክርስቶስ ደስታ የተሰጠ ነው። በእነዚያ ጥቂት ዓመታት ያሳደሩት ኀይል ከዘመኑ ርዝመት ጋር አይመጣጠንም። በቀርከሃ ልጥ ላይ የሚሥሉትና እ. ኤ. አ. በ1992 በዳካር ቢየናሌ የተሸለሙት ዘሪሁን የትምጌታ፥ የፊደላችንን ቅርጽ ወደ ሥዕል የለወጡት ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ሁለቱም ከዚያ ትውልድ ናቸው።

ግን አልቈዩም። ወደ አሜሪካ ሄዱ፤ ከ1972 እስከ 2001 እ. ኤ. አ. በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ፤ በ1995 ዓ. ም. በዚያው አረፉ። ስለ መሄዳቸው ብዙ ምክንያት ሊቀርብ ይቻላል፤ በእኛ አስተያየት ግን ጥያቄው ቀላል ነው። በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ እንዲህ ያለውን ሥዕል እየገዛ አንድን ሠዓሊ ከዓመት እስከ ዓመት የሚያኖር ቤት ስንት ነበረ? ሽልማት አንድ ጊዜ ይሰጣል፤ ቤት ኪራይ በየወሩ ይከፈላል። የ1966 ዓ. ም. አብዮት በመጣ ጊዜም ሽልማቱ ራሱ ቀረ፤ ሠዓሊው የሰልፍ ሥዕልና የግድግዳ መፈክር እንዲሠራ ተፈለገ፤ ለዘንዶና ለመናፍስት የሚሆን ቦታ ጠበበ።

ወደ ተራራው ግርጌ ብንመለስ ግን የለጋሲዮኖቹ ጥላ አሁንም እንዳለ እናያለን። ለአያሌ ዓመታት በአዲስ አበባ የሥዕል ትርኢት የሚያሳይ ወጣት በሩን የሚያንኳኳው የፈረንሳዮችን፥ የጀርመኖችንና የኢጣልያኖችን የባህል ማዕከል ነበር። በ2000ዎቹ ዓ. ም. መጀመሪያ በየካ፥ ከፈረንሳይ ኤምባሲ አጠገብ ባለው መናፈሻ ውስጥ፥ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን የጨረሱ ወጣቶች ተሰብስበው «ነፃ የሥነ ጥበብ መንደር» ብለው አቋቋሙ። በዛፎቹ ሥር ሥዕላቸውን ሠሩ፤ ከወዳደቀ ብረትና እንጨት ምስል አቆሙ፤ ለሠፈሩ ሕፃናትም አሳዩ። ትልቅ ነገር ነበር እላለሁ፤ ሠዓሊው ያለ ጌታና ያለ ሱቅ በራሱ ደጅ ሊቆም መሞከሩ ነውና። መንደሩ ከጥቂት ዓመታት በላይ አልዘለቀም።

ዛሬ «የጁጁ ሰርግ» በኒው ዮርክ ነው፤ «የሌሊት በረራ» በአሜሪካ የሰሜን ካሮላይና ሙዚየም ንብረት ነው፤ ከዐድዋ ሥዕሎች መካከል አንዱን በለንደን የብሪታንያ ሙዚየም ማየት ይቻላል። የእስክንድርን ሥራ በአካል ለማየት የሚሻ የሥነ ጥበብ ተማሪ ብዙ ጊዜ በፎቶግራፍ ይወሰናል። በእንጦጦ ላይ የቀሩት ሥዕሎች ግን ሊሸጡ ስላልቻሉ ከቦታቸው አልተነሡም፤ ክንፋቸውንና ዓይናቸውን ይዘው በመቅደሱ ግድግዳ ላይ አሉ፤ ከግርጌያቸውም እጁን ዘርግቶ የተደፋው ያው ያሠራቸው ጌታ ነው።